ራጁ «ደህና ነው» ካለ በኋላ

የአጎቴ ልጅ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ዕለት የተነሣው ራጅ ዛሬም ቤታችን አለ። ካኪ ፖስታ ውስጥ ነው፤ ጠርዙ ተጣጥፏል፣ በአንድ በኩል የጣት አሻራ ደርቆበታል። ያን ዕለት ማታ ተረኛው ሐኪም ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና «አጥንቱ ደህና ነው፣ ስብራት የለም» አለን። እፎይ አልን። ጉልበቱ ግን ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ አብጦ፣ ሎሚው የት እንዳለ እንኳ አይለይም ነበር። ማስታገሻ ታዘዘለት፣ በፋሻ ተጠቀለለ፣ ወደ ቤት ተሸኘ። ስብራት ካልሆነ ወለምታ ነው ብለን ወጌሻ ጠራን፤ ሁለት ሳምንት በቅቤ ታሸ። በሁለተኛው ወር ያለ ክራንች መሄድ ጀመረ። በስድስተኛው ወር ግን ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይከዳው ጀመር። አንድ ቀን መንገድ ሲያቋርጥ ታክሲ ፊት ተደፋ።

ገንዘብ አሰባስበን ኤምአርአይ ያስነሣነው ከዚያ በኋላ ነው። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማትና በጉልበቱ ውጭ በኩል ያለው ጅማት መበጠሳቸውን ነገረን። ውጤቱን ይዘን የሄድንበት የአጥንት ሐኪም ግን መጀመሪያ የጠየቀው አሮጌውን ራጅ ነበር። ከፖስታው አውጥቶ ዝም ብሎ አየው። ቆይቶ የእስክሪብቶውን ጫፍ በቅልጥም አጥንት አናት ላይ፣ ከውጭኛው ጠርዝ አጠገብ አሳረፈ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ስባሪ አጥንት ነበረች። «ይቺ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚህ ነበረች» አለ።

ያቺ ስባሪ ስም አላት። የፓሪሱ ቀዶ ሐኪም ፖል ሴጎን በአስከሬን ጉልበቶች ላይ ሲመራመር አይቷት በ1879 ጽፎላታል፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 ነው። ምልክቷ ማሽኑን በ16 ዓመት ትቀድመዋለች ማለት ነው። ስባሪዋ ራሷ ጉዳት የላትም፤ በጉልበቱ መሀል ያለው መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ትናገራለች። መልሱ በመጀመሪያው ሌሊት፣ በርካሹ ፊልም ላይ ተጽፎ ነበር።

ይህን የማነሣው ያን ሐኪም ለመውቀስ አይደለም። ድንገተኛ ክፍሉን ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን የያዘ ወጣት ነበር። የማነሣው የእግር ጉዳት ሕክምናችን ወዴት እያደገ እንደሆነ ስለሚያሳስበኝ ነው። ባለፉት ዓመታት የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ማሽኖች በአዲስ አበባ የግል ምርመራ ማዕከላትና በትልልቆቹ የክልል ከተሞች በርከት ብለዋል። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን አብሮት አንድ ልማድ ገብቷል፤ ጉልበቱን የተጎዳ ሰው ገና ሐኪም ሳይዳስሰው ኤምአርአይ ይታዘዝለታል፣ ወይም ራሱ ይጠይቃል። ዘመድ ወዳጅ ያዋጣል፣ ባለው ገንዘብ ሁሉ ምስሉ ይነሣል፣ ለፊዚዮቴራፒ የሚሆን ሳንቲም አይተርፍም። እኔ እንደማየው ትልቁ ክፍተታችን ከማሽኑ በፊትና ከማሽኑ በኋላ ነው፤ በፊት የሚዳስስ እጅ፣ በኋላ የሚከታተል ሰው።

ከበፊቱ ልጀምር። ክፉኛ በተጎዳ ጉልበት ላይ ሰዓት የማይሰጠው ነገር አጥንቱ ሳይሆን ደም ሥሩ ነው። ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ዋናው ደም ቅዳ ከመገጣጠሚያው በላይና በታች ተጣብቆ የተያዘ ስለሆነ ጉልበቱ ሲወልቅ እንደ ገመድ ይወጠራል። ወይ ይበጠሳል፣ ወይ ውስጡ ተሰንጥቆ ቀስ በቀስ ይደፈናል። እግር ያለ ደም ከ6 እስከ 8 ሰዓት ከቆየ ጡንቻው ይሞታል። በ1977 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ደም ሥራቸው በ8 ሰዓት ውስጥ ካልተጠገነላቸው ሰዎች ውስጥ ከ10ሩ ከ8 የሚበልጡት እግራቸው እንደተቆረጠ አሳይቷል። ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ የወለቀ ጉልበት ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ሳይደርስ በራሱ ወደ ቦታው መመለሱ ነው። ሰውዬውን ሲያነሡት፣ እግሩን ሲያቃኑለት ይገባል። ያኔ ራጁ ላይ ምንም አይታይም።

ለዚህ አደጋ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መሣሪያ ጣት ነው። የእግር መዳፍ አናት ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ ትርታ ይፈለጋል፤ ከደህናው እግር ጋር ይነጻጸራል። ቀጥሎ የደም ግፊት መለኪያና የደም ፍሰትን የሚያሰማ፣ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ዶፕለር ካለ የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ግፊት ይካፈላል። በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጉልበታቸው የወለቀ 38 ሰዎችን በዚህ መንገድ መርምሮ ነበር። ውጤታቸው ከ0.9 በታች የሆነው 11 ሰዎች ሁሉም ቀዶ ሕክምና የሚያሻው የደም ሥር ጉዳት ነበረባቸው፤ 0.9ና ከዚያ በላይ ከሆነው 27 ሰዎች አንድም አልተገኘበትም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን የአንድን ጤና ጣቢያ ሥራ የሚቀይር ነገር ይዟል። ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ሰው ወዲያውኑ ደም ሥሩን ወደሚያሳየው ሲቲ አንጂዮግራም ወይም በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይሄዳል፤ ቁጥሩ ደህና የሆነው ተኝቶ ትርታው በየሰዓቱ ይታያል። የአጎቴን ልጅ እግር ግን ያን ማታ ትርታ ፍለጋ የነካው ሰው አልነበረም። ደም ሥሩ የተረፈው በእግዜር ቸርነት ነው።

ወደ ራጁ ስንመጣም፣ እንዴት እንደሚነሣ ማወቅ ማሽኑን ከመያዝ አያንስም። ከፊትና ከጎን፣ ቢያንስ ሁለት ፊልም፤ ለቅልጥም ስብራት ደግሞ ጉልበቱንም ቁርጭምጭሚቱንም አካትቶ። ከሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ጨረሩ በአግድም ሲያልፍ የሚነሣው የጎን ፊልም ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ ስብራት ካለ ከአጥንቱ መቅኒ የወጣው ስብ ጉልበቱ ውስጥ ከተጠራቀመው ደም በላይ ይንሳፈፋል፤ ልክ የዶሮ ወጥ ረጋ ሲል ቅቤው ላዩ ላይ እንደሚሰፍፈው። ፊልሙ ላይ ከሎሚው በላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። ስብራቱ ራሱ ባይታይ እንኳ ያ መስመር ካለ «ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤት የሚሸኝ ሰው የለም።

ሲቲ ስካን ቦታው እዚህ ላይ ነው። የቅልጥም አጥንት አናት፣ ጉልበቱ የተቀመጠበት ጠፍጣፋ ሜዳ፣ ሲደረመስ ራጅ የሚያሳየው ጥላውን ነው። ጆሴፍ ሻትዝከር የተባሉት የካናዳ ሐኪም በ1979 ይህን ስብራት በ6 ዓይነት ከፍለውታል፤ ክፍፍሉ በራጅ የተሠራ ቢሆንም ሐኪሞች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ሲቲ ሲመጣ ግን ራጁ ያልነገራቸው ነገር ወጣ፤ በተለይ በኋላ በኩል የተሰበረው ክፍል። የትኛው ቁራጭ ወደ የት እንደሰመጠ ካልታወቀ ቆዳው ከየት በኩል እንደሚከፈትም አይታወቅም። ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። እግሩ ክፉኛ ካበጠ መጀመሪያ ጉልበቱን ከውጭ በብረት አሳልፈው ያስሩታል፤ አጥንቱ ተስቦ ርዝመቱን ሲይዝ ያኔ ሲቲ ይነሣል፤ እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው መጨማደድ እስኪጀምር፣ አንዳንዴም 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ይጠበቃል። ከዚያ ነው ዋናው ቀዶ ሕክምና። ቤተሰብ ይህን ጥበቃ ቸልተኝነት ያደርገዋል። ባበጠ ቆዳ ላይ ቢላ ማሳረፍ ግን ቁስሉ እንዳይድን፣ ብረቱም እንዲመግል በር መክፈት ነው።

ስለ ኤምአርአይስ? የጅማትንና በጉልበቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠውን የሜኒስከስ ጉዳት እንደሱ የሚያሳይ የለም፤ ብዙ ጅማት በአንዴ ለተበጠሰበት ጉልበት ቀዶ ሕክምና ሲታቀድም አስፈላጊ ነው። ችግሩ የሚያየው ነገር ሁሉ በሽታ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍራሚንግሃም ከተማ፣ ጉልበታቸው ያማቸውም ያላማቸውም 991 ሰዎች በኤምአርአይ ታይተው ነበር፤ ውጤቱ በ2008 ታተመ። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ከሆኑት ወንዶች ከግማሽ በላይ ሜኒስከሳቸው የተቀደደ ወይም ያለቀ ነበር። ሜኒስከሳቸው ከተቀደደባቸው ሰዎች መካከል 61 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ምንም የጉልበት ሕመም አልተሰማቸውም። ስለዚህ የ60 ዓመት እናት ኤምአርአይ ተነሥተው «ተቀዷል» ቢባሉ፣ ቀዳዳው የሕመማቸው ምክንያት ይሁን ወይም የዕድሜያቸው ምልክት ብቻ፣ ምስሉ አይናገርም። የሚያውቀው ጉልበታቸውን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ የት ላይ እንደሚያማቸው ጠይቆ የመረመራቸው ሰው ነው።

የምስልና የማገገም ግንኙነት ጥርት ብሎ የሚታየኝ ከኤምአርአይ ይልቅ ያለ ምስል እንዲሠራ ታስቦ በተፈጠረ ብረት ላይ ነው። የተሰበረ የጭን ወይም የቅልጥም አጥንት በመቅኒው ውስጥ በሚገባ የብረት ዘንግ ይጠገናል። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ኩንቸር በ1940ዎቹ መባቻ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ዘንጉ እንዳይዞር ከላይና ከታች በቡሎን ይቆለፋል፤ የታችኛውን ቀዳዳ በአጥንቱ ውስጥ ለማግኘት ደግሞ ቀዶ ሕክምናው እየተካሄደ በቀጥታ የሚያሳይ የራጅ ማሽን፣ ሐኪሞቻችን ሲ-አርም የሚሉት፣ ያስፈልጋል። ሲ-አርም በሌለበት፣ ወይም ኖሮም በተበላሸበት ሆስፒታል በሽተኛው እግሩ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት ሳምንታት ይተኛ ነበር።

የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል በ1999 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሪችላንድ ከተማ የመሠረቱት ሳይን የተባለ ድርጅት ይህን ችግር በቀላል ነገር ፈታው። ዘንጉ ድፍን ነው፤ ከውጭ የሚገጠምበት ክንድ ቀዳዳው የት እንዳለ ይመራል፤ ሐኪሙ በቀጭን መሣሪያ ዳስሶ ቀዳዳውን ማግኘቱን በእጁ ያረጋግጣል። ብረቱ ለበሽተኛው በነጻ ይሰጣል። እኛ ዘንድ ጥቁር አንበሳና የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ከተጠቀሙበት መካከል ናቸው። ሐኪሞቹ በአጸፋው ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ያለውን ራጅ ለድርጅቱ መዝገብ ይልካሉ፤ የተጠቀሙበትም ብረት ይተካላቸዋል።

ከዚያ የክትትል ጥያቄ መጣ። ከሩቅ ገጠር የመጣ ገበሬ አጥንቱ መግጠሙን ለማሳየት ብቻ ለራጅ ተመልሶ ይመጣል? ብዙዎቹ አይመጡም፣ ቢመጡም ለራጁ የሚከፍሉት የለም። ሐኪሞቹ ከራጁ ጋር ሌላ ፎቶ መላክ ጀመሩ፤ በሽተኛው ቁጢጥ ብሎ፣ ፈገግ ሲል። ዳሬሰላም ላይ የጭን አጥንታቸው በተጠገነላቸው ሰዎች ላይ ይህ ራሱን ችሎ ተጠንቶ በ2019 ታትሟል። ሦስት ነገር ይታያል፤ ምን ያህል ዝቅ ብሎ ቁጢጥ አለ፣ ለመደገፍ የሆነ ነገር ያዘ ወይስ አልያዘም፣ ፊቱስ ምን ይላል። እግሩ የማያምነው ሰው እስከ ታች አይወርድም፤ እያመመው የወረደም ፊቱ ላይ ይታወቅበታል።

ይህን ፈተና የወደድኩት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ማገገም ማለት ምን እንደሆነ የሚለካበት መንገድ ከእኛ ኑሮ ጋር ይስማማል። ራጅ ላይ የቅልጥም ስብራት መዳኑ የሚለካበት የታወቀ ነጥብ አሰጣጥ አለ፤ የአጥንቱ ፊት፣ ጀርባ፣ ውስጥና ውጭ ግድግዳ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ሙሉ ውጤቱ 12 ነው። አንድ ሰው 12 ከ12 አግኝቶ ጉልበቱ ከ90 ዲግሪ በላይ ላይታጠፍ ይችላል። ለመራመድ ከ60 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ መታጠፍ ይበቃል፤ ከወንበር ለመነሣት ከ90 እስከ 100 አካባቢ። ቢሮ ውሎ መኪና ነድቶ ለሚገባ ሰው 110 ዲግሪ ደህና ውጤት ነው። ቁጢጥ ለማለት ግን 130 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። መጸዳጃችን መሬት ላይ ነው፤ አረም የሚነቀለው፣ ጤፍ የሚታጨደው ጎንበስና ቁጢጥ ተብሎ ነው፤ እናት ምጣድ ሥር እሳት የምታነደው ዝቅ ብላ ነው፤ ክርስቲያኑ ይሰግዳል፣ ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ ይወርዳል። ወንበር ላይ ለሚኖር ሰው የተሠራ የማገገም መለኪያ እነዚህን ሰዎች ድነዋል ብሎ ያሰናብታቸዋል። እነሱ ግን ቤታቸው ገብተው የማይችሉትን ይቆጥራሉ።

ይህ መታጠፍ ደግሞ በራሱ አይመጣም። ጉልበት በጀሶ ወይም በፍርሃት ሳይንቀሳቀስ 6 ሳምንት ሲቆይ ይደርቃል፤ የጭን ፊት ጡንቻ በየቀኑ ይከሳል። ብረት የሚገባው በአብዛኛው ጉልበቱ ቶሎ እንዲንቀሳቀስ ነው፤ ብረት አስገብቶ ሰውዬውን ያለ ልምምድ መሸኘት የሥራውን ግማሽ መተው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ቀላል ነው፤ ተረከዝን አልጋ ላይ እየጎተቱ ማጠፍ፣ ከጉልበት በታች የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ ወደ ታች መጫን፣ ጉልበቱ ጨርሶ መዘርጋቱን ማየት። ግን ምን ያህል፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ ክብደት ይጫንበት የሚለውን የሚናገር ሰው ይፈልጋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል። ሕዝባችን ግን ዛሬም ፊዚዮቴራፒን የማሳጅ ዘመድ ያደርገዋል፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ከምድር ቤቱ ጫፍ አንድ ክፍል ይሰጡታል።

የመስቀለኛ ጅማት ታሪክ ደግሞ ትዕግሥትን ያስተምራል። ፕሪሚየር ሊግ የሚከታተል ሁሉ ቪርጂል ቫን ዳይክን ያስታውሳል፤ ጥቅምት 2020 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ፣ ለሊቨርፑል እንደገና የተሰለፈው በሐምሌ 2021 ነው። የዓለም ምርጥ ሐኪሞች ያሉት ሰው 9 ወር ጠበቀ። በ2016 የታተመ የኖርዌይና የአሜሪካ ጥናት እስከ 9 ወር ድረስ ወደ ስፖርት መመለስን በአንድ ወር ባዘገዩ ቁጥር ዳግም የመጎዳት አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሰፈራችን ልጆች ግን በአራተኛው ወር ኳስ ሜዳ ላይ ናቸው፤ የሚከለክላቸው ሰው ስለሌለ። ቀዶ ሕክምናውም ለሁሉ ግዴታ አይደለም። በስዊድን ጅማታቸው የተበጠሰ 121 ወጣቶች ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ በልምምድ ከጀመሩት 59 ሰዎች 36ቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ጅማታቸው በቀዶ ሕክምና መተካት አላስፈለጋቸውም፤ የሁለቱ ቡድኖች ውጤትም ተቀራራቢ ነበር። እንደ አጎቴ ልጅ ሌላ ትልቅ ጅማትም የተበጠሰበት ጉልበት ከዚህ ውጭ ነው። አንዱ ብቻ ለተበጠሰበትና የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ለማይሞከርለት ሰው ግን ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ በሥርዓት የተሠራ ልምምድ መታከሚያ የሌለው ሰው ማጽናኛ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሕክምና ነው።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር አላልፍም። የተጎዳ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ፣ ደም አልፎ መሄድ አቅቶት፣ ጋንግሪን ሆኖ የሚቆረጥባቸው ሕፃናት በሆስፒታሎቻችን የታወቁ ናቸው። ጣቱ የቀዘቀዘ፣ የጠቆረ ወይም መነካቱ የማይሰማው ልጅ ማሰሪያው በዚያው ደቂቃ መፈታት አለበት። ግን ሰው ለምን ወደ ወጌሻ እንደሚሄድም በቅንነት እንመልከት። ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቻላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይመላለሳል። የአጎቴን ልጅ ያሸው ሰውዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ቤት መጥቶ ጉልበቱን ይነካ ነበር። ሆስፒታሉ የሰጠን ቀጠሮ ከ6 ሳምንት በኋላ ነበር። ወጌሻው የሚያደርገው ስህተት ነበር፣ ሆስፒታሉ የሚያውቀው ትክክል ነበር፤ ግን በየቀኑ የተገኘው ወጌሻው ነው። ወጌሻዎችን የእግር ትርታ እንዲፈትሹ፣ የቀዘቀዘ እግር ሲያዩ እንዲልኩ፣ እብጠት ላይ እንዳያሹ ማስተማር በየወረዳው ማሽን ከመትከል ያነሰ ወጪ ይጠይቃል፤ የሚያተርፈው እግር ግን ብዙ ነው።

የአጎቴ ልጅ ጅማቱ ከተተካለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ብስክሌት ይነዳል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ ቁጢጥ ሲል ግን አሁንም ተረከዙ ከመሬት ይነሣል።

እናንተም ቤት እግሩን የተጎዳ ሰው ካለ የመጀመሪያውን ራጅ አትጣሉ። ከሆስፒታል ስትወጡ ሦስት ነገር ሳትይዙ በሩን አትለፉ፤ የልምምዱን ዝርዝር በወረቀት፣ በእግሩ ምን ያህል መርገጥ እንደተፈቀደለት፣ ትርታው ቢጠፋ ወይም ጣቱ ቢቀዘቅዝ በሌሊት የምትደውሉበትን ቁጥር። ካልተሰጣችሁ ጠይቁ።